የልደት ዓመት የሚጠይቀው በር፦ ጌም ስቶሮች ለማን ምን እንደሚያሳዩ

የእህቴ ልጅ ለትምህርት ብሎ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። ባለፈው ክረምት፣ ገና 13 ዓመቱ እያለ፣ ላፕቶፔን ይዞ ተቀምጦ ከጀርባው ቆሜ አየሁት። ስቲም የሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ላይ የሆነ ጌም ነካ። ስክሪኑ ጠቆረና ጥያቄ መጣ፤ የተወለድክበትን ቀን አስገባ ይላል። ልጁ ቅንጣት አላመነታም። ቀን ሞላ፣ ወር ሞላ፣ ከዚያ 2004 ብሎ ጨረሰ። በሩ ተከፈተ።

«ዋሸኸው አይደል?» አልኩት።

«ኧረ ምን ዋሸሁት? ልደቴ እኮ 2004 ነው!»

እውነቱን ነው። መጋቢት 2004 ነው የተወለደው፣ በእኛ አቆጣጠር። ስቲም ግን የእኛን ዘመን ከየት ያውቀዋል? 2004ን በፈረንጅ ወሰደውና የ13 ዓመቱን ልጅ 21 ሞልቶሃል ብሎ አስገባው። አንድ ውሸት ሳይነገር። ሌላ አገር ያለ ልጅ እዚያ በር ላይ ለማለፍ መዋሸት አለበት፤ የእኛ ልጅ ግን እውነቱን ተናግሮ ያልፋል። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። የልጁ ዓይነት ነገር እንዳይደርስብን።)

መጀመሪያ ሳቅኩ። በኋላ ግን ያ በር ለምን እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራውና ምን እንደሚከለክል ማየት ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር ከጠበቅኩት የሰፋ ሆነ። ያ የልደት ጥያቄ ከሁሉም ደካማው ክፍል ነው። ዋናው ሥራ የሚሠራው ሌላ ቦታ ነው።

የሰፈር ሱቅ አስቡ። ባለሱቁ አረቄ ይሸጣል እንበል። ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ አቁሞ ከጎኑ «ከ21 ዓመት በታች ለሆነ አንሸጥም» የሚል ወረቀት ሊለጥፍ ይችላል። ይሄ ማስጠንቀቂያ ነው። ወይ ደግሞ ጠርሙሱን ከባንኮኒው ስር ያስገባውና ለጠየቀው ሰው ብቻ ብቅ ያደርገዋል። ይሄ ስለ እይታ ነው፤ ዕቃው አለ፣ ይሸጣል፣ ግን አይታይም። ሦስተኛው ጭራሽ አለማምጣት ነው። ጌም ስቶር ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ ግማሹ የሚመጣው ሰው እነዚህን ሦስቱን ስለሚያደባልቅ ነው። ጌሙ ከፍለጋ የጠፋበት ሰው «ታገድኩ» ይላል፣ አልታገደም። ወላጁ ደግሞ «ማስጠንቀቂያ አለው እኮ» ብሎ ይረጋጋል፤ ማስጠንቀቂያው ግን ማንንም አያስቆምም።

ስቲምን ልያዝ፣ ኮምፒውተር ላይ ለሚጫወት ሰው መርካቶው እሱ ስለሆነ። ቫልቭ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2003 ነው የከፈተው። ድሮ ማንም ተነስቶ ጌሙን አያስገባም ነበር፣ ተመርጦ ነው። ከ2017 ወዲህ ግን ለአንድ ጌም 100 ዶላር የከፈለና ፎርማሊቲውን ያሟላ ሰው ማቅረብ ይችላል። ያኔ ሁሉም ጎረፈ። ጥሩውም፣ ቆሻሻውም፣ ለአዋቂ ብቻ የተሠራውም።

በ2018 ግንቦት ላይ አንዳንድ ጌም ሰሪዎች ወሲባዊ ይዘታችሁን ካላስተካከላችሁ እናወርዳችኋለን የሚል መልእክት ደረሳቸው። ጩኸት ሆነ። በሰኔ ቫልቭ አቋሙን አሳወቀ። ባጭሩ ያለው ይሄ ነው፦ ሕገወጥ ከሆነ ወይም ሆን ተብሎ ሰው ለማብሸቅ ብቻ የተሠራ ከሆነ አንቀበልም፣ ከዚያ ውጪ ግን ሁሉም ይግባ፤ ምን ማየት እንደማትፈልጉ ራሳችሁ የምትመርጡበት መሣሪያ እንሠራላችኋለን። መስከረም ላይ መሣሪያው ወጣ። እስከ ዛሬ የምናየው ነገር መሠረቱ እሱ ነው።

እንዲህ ነው የሚሠራው። ጌም ሰሪው ጌሙን ሲያስመዘግብ መጠይቅ ይሞላል። እርቃን አለ ወይ? ወሲብ አለ ወይ? ደምና ጭካኔ ይበዛል ወይ? ከዚያ በራሱ ቃላት ምን እንዳለ ይጽፋል። ያ ጽሑፍ ቃል በቃል የጌሙ ገጽ ላይ ይወጣል፤ ወደ ታች ስትወርዱ ሠሪዎቹ ይዘቱን እንዲህ ይገልጹታል ከሚል መስመር ስር ታገኙታላችሁ። እኔ አሁን አሁን ጌም ስገዛ ከማስታወቂያው ቪዲዮ በፊት እሱን ነው የማነበው። አንዳንዱ ሁለት ቃል ጽፎ ይገላገላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ራስን ስለማጥፋት የሚያወራ ትዕይንት እንዳለ ሳይቀር ያስቀምጣል። የሠሪው ጨዋነት እዚያች አንቀጽ ላይ ይታወቃል።

ከመልሱ ተነስቶ ስቲም ጌሙን በአምስት ሣጥን ይመድበዋል። አንዱ ጥቂት እርቃን ወይም ወሲባዊ ነገር ያለበት። ሁለተኛው ጭካኔና ደም የሚበዛበት። ሦስተኛው ግልጽ ወሲብ ያለበት፣ ለአዋቂ ብቻ የሆነው። አራተኛው እርቃን ወይም ወሲባዊ ነገር የሚደጋገምበት። አምስተኛው ጠቅለል ያለው፣ ሌላ ለአዋቂ የሚሆን ነገር ሁሉ የሚገባበት። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን የመጀመሪያውና የሦስተኛው ሣጥን መሃል ያለው ርቀት የሰማይና የምድር ነው። ዊቸር 3 እርቃን ገላ ያሳያል፣ ሳይበርፐንክ 2077ም እንደዚሁ። ሁለቱም የስቲም ፊት ገጽ ላይ ሲወጡ ታያላችሁ። ሦስተኛው ሣጥን ውስጥ የገባ ጌም ግን አካውንት ለሌለው ሰው የለም ማለት ነው። አካውንት ላለውም ቢሆን ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ላሳየኝ ብሎ ምልክት እስኪያደርግ ድረስ በፍለጋም አይመጣም፣ በጥቆማም አይመጣም። ከባንኮኒ ስር ማለት እሱ ነው።

ሴቲንጉ ያለው አካውንት ውስጥ የስቶር ምርጫዎች በሚለው ስር ነው። እዚያው ገጽ ላይ ብዙ ሰው የማያውቃት ሌላ ነገር አለች። ጌሞች ላይ ታግ፣ ማለትም የጌሙን ዓይነት የሚናገር ቃል፣ የሚለጠፈው በሠሪው ብቻ አይደለም፣ ተጫዋቾችም ይለጥፋሉ። እናም ማየት የማትፈልጉትን ታግ መርጣችሁ አስወግድልኝ ማለት ትችላላችሁ። ሆረር አልወድም? ይጥፋ። የተወሰነ ኩባንያ ጌሞች ሰልችተዋችኋል? እሱንም ማጥፋት ይቻላል። ይሄ ለልጅ ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ የሸረሪት ጌም እንዳይመጣብኝ ብችል ደስ ይለኝ ነበር፣ እንደዚያ ያለ ታግ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ሌላም የተደበቀ ደንብ አለ። ጌሙ ውስጥ ምንም ይኑር ምን፣ ስቶሩ ላይ የምትታየው ትንሿ የሽፋን ሥዕል ማንም ሰው ሊያያት የሚችል ጨዋ መሆን አለባት። ከስክሪን ፎቶዎቹም ቢያንስ አራቱ ለሁሉም ዕድሜ ይሆናሉ ተብለው መመረጥ አለባቸው፤ ማውሱን ጌሙ ላይ ስታሳርፉ የሚታዩት እነሱ ናቸው። ይሄ ይጠቅማል፣ ግን ያታልላልም። ሥዕሉ ካርቱን፣ ቀለሙ ሮዝ፣ ውስጡ ሌላ። ስለዚህ በሽፋን ተማምኖ ለልጅ ጌም መግዛት አያዋጣም።

አሁን ወደ ልደት ጥያቄው ልመለስ። እንደገባኝ ያ በር ዕድሜ ለማረጋገጥ አልተሠራም። ማንም አያረጋግጥም። መታወቂያ የለ፣ ምን የለ። ሥራው ሌላ ነው፤ ኩባንያው «ጠይቄያለሁ» ማለት እንዲችልና ሳያውቅ የገባ ሰው አንድ ሰከንድ ቆም እንዲል ነው። ሳያውቁ ለሚገቡ ይጠቅማል። አውቆ ለሚገባ ልጅ ግን የበር መጋረጃ ነው።

መጠይቁን የሚሞላው ባለጉዳዩ ራሱ ነው ስል ሰው ይገረማል። ጅብ የቆዳ ጠባቂ አይሆንም እንዴ? ቫልቭ ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ከፍቶ ያያል። ግን እያንዳንዱን ሰዓት ተጫውቶ አይጨርስም። ይሄ ደግሞ የስቲም ብቻ ችግር አይደለም፣ የዕድሜ ደረጃ የሚሰጡት ድርጅቶችም እንደዚያው ናቸው።

አሜሪካ ኢኤስአርቢ የሚባለው አለ። የተቋቋመው በ1994 ነው። መነሻው ደግሞ ከዚያ በፊት በነበረው ታህሣሥ ሴኔቱ ሞርታል ኮምባት የሚባለውን ደም የበዛበት ጌም እያየ ስብሰባ መቀመጡ ነው። ሴናተሮቹ ራሳችሁ ካልተቆጣጠራችሁ እኛ እንቆጣጠራችኋለን አሏቸው፣ ኢንዱስትሪው ቶሎ ብሎ የራሱን ደረጃ ሰጪ አቋቋመ። በሣጥን ለሚሸጥ ጌም አሳታሚው መጠይቅ ይሞላል፣ የጌሙን በጣም ከባድ ከባድ ቦታዎች የሚያሳይ ቪዲዮ ይልካል፣ ደረጃ ሰጪዎቹ ያንን አይተው ይወስናሉ። ጌሙን ዳር እስከ ዳር አይጫወቱትም። የ50 ሰዓት ጌም ማን ይጨርሳል?

ይሄ በአደባባይ የፈረሰው በ2005 ነው። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ኤም የሚል ደረጃ ነበረው፣ ከ17 ዓመት በላይ ማለት ነው። ሠሪዎቹ አንድ የወሲብ ትንሽ ጨዋታ ሠርተው በኋላ ሐሳባቸውን ቀየሩና ዘጉት፣ ኮዱን ግን ከዲስኩ አላወጡትም። ተጫዋቾች ከፈቱት። ሐምሌ ላይ ኢኤስአርቢ ደረጃውን ወደ ኤኦ ቀየረው፣ ከ18 በላይ፣ ለአዋቂ ብቻ። ልብ በሉ፤ በወረቀት ላይ ልዩነቱ አንድ ዓመት ነው። ከ17 ወደ 18። ግን ትልልቆቹ ሱቆች ጌሙን ወዲያው ከመደርደሪያ አወረዱት። ሶኒም፣ ማይክሮሶፍትም፣ ኔንቲዶም ኤኦ የተሰጠውን ጌም ኮንሶላቸው (የጌም ማጫወቻ ማሽናቸው) ላይ አያስገቡም። ትዊች ላይም ሰው እንዲህ ያለውን ጌም እየተጫወተ በቀጥታ ማሳየት አይችልም። ኩባንያው ያንን ክፍል የሌለው አዲስ ዲስክ እስኪያወጣ ድረስ ገበያው ተዘጋበት። ከዚያ ወዲህ የተቆለፈም ቢሆን ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ማሳወቅ ግዴታ ሆነ።

እኔ ይሄን ታሪክ የምወደው ነገሩን ፍንትው አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። ማስጠንቀቂያው ፊደል ነው። ፊደሉ ግን ከኋላው ገመድ ታስሮበታል፤ ሲቀየር ሱቁን፣ ኮንሶሉን፣ ማስታወቂያውን አብሮ ይጎትታል። ለዚህ ነው አሳታሚዎች ኤም ተብሎ ለመቅረት ትዕይንት እየቆረጡ የሚለማመጡት። ሕግ አስገድዷቸው አይደለም። እንዲያውም አሜሪካ ውስጥ ለልጅ ጨካኝ ጌም መሸጥን ለመከልከል ካሊፎርኒያ ያወጣችውን ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 ሽሮታል፤ ጌምም እንደ መጽሐፍ የመናገር ነፃነት ጥበቃ አለው ብሎ። እንግሊዝ ደግሞ ተቃራኒውን አደረገች። ከ2012 ጀምሮ የፔጊ 12፣ 16 እና 18 ምልክት ያለበትን ጌም ዕድሜው ላልደረሰ የሸጠ ሱቅ በሕግ ይጠየቃል። ፔጊ የአውሮፓው ደረጃ ሰጪ ነው፣ በ2003 የተጀመረ።

የእኛስ? ስልካችሁ ላይ ፕሌይ ስቶርን ክፈቱና ማንኛውንም ጌም ንኩ። ከስሙ ስር 3+፣ 12+፣ 16+ የምትል ሣጥን አለች። እሷን ኢትዮጵያ ውስጥ ማንም አልወሰናትም። አይኤአርሲ የሚባል ዓለም አቀፍ ሥርዓት አለ። ጌም ሰሪው አንድ መጠይቅ ይሞላል፣ ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ ለየአገሩ ደረጃ ያወጣል፤ ለአሜሪካ በአሜሪካው መለኪያ፣ ለጀርመን በጀርመኑ፣ ለብራዚል በብራዚሉ። በሥርዓቱ ውስጥ የራሱ ደረጃ ሰጪ ለሌለው አገር ደግሞ ጠቅላላ የሚባለው ቁጥር ይደርሰዋል። እኛ የምናየው እሱን ነው። ስለዚህ ዋሽንግተን ያለች እህትህ ልጇ ስልክ ላይ የምታየው ምልክትና አንተ አዲስ አበባ የምታየው ለአንድ ጌም ሊለያይ ይችላል። ማናችሁም አልተሳሳታችሁም። መልሱ አንድ ነው፣ ሚዛኑ ነው የተለያየው።

አገር ሲለያይ የሚለያየው ምልክቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እይታውም ይለያያል። ጀርመን ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ከ2024 ኅዳር አጋማሽ ጀምሮ የዕድሜ ደረጃ የሌለው ጌም ስቲም ላይ ለጀርመን ተጠቃሚ አይታይም። አልታገደም፣ ሠሪውም ምንም አላጠፋም፣ መጠይቁን ስላልሞላ ብቻ ነው። ሠርቶ የተወው፣ ኢሜይሉን የማይከፍት ሰው ጌሙ በዝምታ ጠፋ።

እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ከ2025 ነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ የባሰውን አይታችኋል። የኢንተርኔት ደኅንነት ሕጋቸው የልደት ዓመት መሙላት አይበቃም፣ ዕድሜን በእውነት አረጋግጡ አለ። የስቲም መልስ ብልጠት አለበት፤ ለአዋቂ የሆነውን ለማየት አካውንትህ ላይ ክሬዲት ካርድ ይኑር አለ። ዴቢት አይሆንም፣ ክሬዲት። እንግሊዝ ውስጥ ክሬዲት ካርድ የሚሰጠው 18 ለሞላው ስለሆነ ካርዱ ራሱ እንደ መታወቂያ ተቆጠረ። ፊትህን ስካን አድርግ ከሚሉት ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ቢያንስ አዲስ መረጃ አይወስዱብህም። ግን 40 ዓመት የሞላው፣ ብድር የማይወድ፣ ክሬዲት ካርድ አውጥቶ የማያውቅ ሰውዬስ? ከበሩ ውጪ ቀረ። ስንት ሐበሻ አባት ነው እንዲህ ያለው!

እስካሁን ስለ ሠሪው፣ ስለ ስቶሩና ስለ መንግሥት አወራሁ። ትልቁ ጉልበት ያለው ግን ሌላ ሰው ጋ ነው። ወደ ሱቃችን እንመለስ። ባለሱቁ ሊሸጥ ፈልጓል። ገዢው ትልቅ ሰው ነው፣ ሊገዛ ፈልጓል። ሕጉም አይከለክልም። ነገር ግን ብሩን ከገዢ ተቀብሎ ለባለሱቁ የሚያደርሰው ልጅ «እኔ የአረቄ ብር አልይዝም፣ አረቄ ከሸጥክ የዳቦህንም ብር አልይዝም» አለ። ምን ታደርገዋለህ?

በ2025 ሐምሌ የሆነው ይሄው ነው። ኮሌክቲቭ ሻውት የሚባል የአውስትራሊያ ተሟጋች ቡድን አስገድዶ መድፈርንና የቅርብ ዘመድ ወሲብን መጫወቻ ያደረጉ ጌሞች ስቲምና ኢች የሚባል ሌላ ስቶር ላይ ይሸጣሉ ብሎ ቀስቅሶ ነበር። በወሩ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለስቶሮቹ ሳይሆን ለክፍያ ኩባንያዎቹ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። አካሄዱ የገባው ሰው ነው የጻፈው፤ የሱቁን በር ከማንኳኳት ብሩ የሚያልፍበትን መንገድ መያዝ። በዚያው ሐምሌ ስቲም ደንቡ ላይ አዲስ መስመር ጨመረ። የክፍያ አቀናባሪዎችን፣ የካርድ ኔትወርኮችንና የባንኮችን ደንብ ሊጥስ የሚችል ይዘት አይፈቀድም የሚል። ጌሞች ወረዱ።

ኢች ላይ የሆነው ደግሞ ስለ እይታ ለሚያወራ ሰው ማስተማሪያ ነው። ኢች ትንንሽ ሠሪዎች፣ ተማሪዎች፣ ለብቻቸው የሚሠሩ ሰዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ቦታ ነው፤ ብዙው በነፃ ነው። ሐምሌ 24 ቀን ለአዋቂ ተብሎ ምልክት የተደረገበትን ጌም በሙሉ ከፍለጋና ከዝርዝር አወጡት። ገጾቹ አብዛኞቹ አሉ። ሊንኩን የያዘ ይገባል። የገዛም ያወርዳል። ግን ፈልገህ አታገኘውም። ባለቤቶቹ ኋላ ሲያስረዱ ፋታ አልነበረንም፣ ክፍያው ጭራሽ ከሚቋረጥብን ሁሉንም ደብቀን አንድ በአንድ እንይ ብለን ነው አሉ። አሳዛኙ ነገር፣ መጀመሪያ የተመታው በታማኝነት የሞላው ሰው ነው። ስለ ደረሰባት ጥቃት የሠራች፣ ጌሟ ውስጥ ምንም የሚያሳፍር ነገር የሌለ፣ ግን አንባቢ እንዳይደነግጥ ብላ «ለአዋቂ» የምትለዋን ምልክት የነካች ሴት ጠፋች። ምልክቱን ያልነካ ቀጣፊ ቆየ። በሐምሌ መጨረሻ ነፃ የሆኑትን መመለስ ጀመሩ፤ በነፃ የሚወርድ ጌም ላይ የካርድ ብር አያልፍማ።

ከዚያ የመጣው የጥፋተኛ ፍለጋ ቲያትር ነበር። ተጫዋቾች ተጠራርተው የቪዛንና የማስተርካርድን ስልክ አጨናነቁ። ማስተርካርድ ነሐሴ 1 መግለጫ አወጣ፤ የትኛውንም ጌም አልመረመርንም፣ ይውረድ ብለንም አላዘዝንም አለ። ቫልቭ ደግሞ ማስተርካርድ በቀጥታ አላናገረንም፣ በመሃል ያሉት የክፍያ አቀናባሪዎች ናቸው የማስተርካርድን ደንብ ጠቅሰው ያናገሩን አለ። ሁሉም እጁን ታጠበ። ማን ወሰነ ብትሉኝ አንድ ጣት የምጠቁምበት ሰው የለም። እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው። እነዚያ መጀመሪያ የተነሱት ጌሞች ቢወርዱ ቅር አይለኝም፣ ስቲም ራሱ በ2019 መጋቢት መድፈርን ርዕሱ ያደረገ ጌም ገና ሳይወጣ አልሸጥም ብሎ መልሷል፣ ያኔ ግን ወሳኙ ይታወቅ ነበር፤ የምትጮህበት በር ነበረህ። አሁን የምትጮኸው ለማን ነው?

ካርድ የሌለን ሰዎች ይሄን ሌላ ቦታ እናውቀዋለን። የስቲም ጊፍት ካርድ በቴሌግራም ከሰው በብር የሚገዛ ልጅ ስለ ማስተርካርድ ደንብ ምን ያገባዋል? ግን ያገባዋል። ኒውዮርክ ያለው ኩባንያ ባወጣው ደንብ እሱ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚያየው ዝርዝር ይቀየራል።

ጌም የምትሠሩ ካላችሁ አንድ ነገር ልበል። አሁን አሁን እየበዛችሁ ነው፣ ደስ ይላል። መጠይቁን ስትሞሉ ሁለት ፈተና ይመጣል። አንዱ ምንም የለም ብሎ ማለፍ ነው፤ ይሄ ሲያዝ ጌሙ ይወርዳል፣ ስምም ይበላሻል። ሁለተኛው ለጥንቃቄ ብሎ ሁሉንም መንካት ነው፣ የዋህ ሰው የሚሠራው ስሕተት። የዐድዋን ጦርነት የሚያሳይ ጌም ብትሠሩ ደም አለው፣ ሬሳ አለው፣ በቃ፤ እሱን ንኩ። ሌላውን ሣጥን ለምን ትነካላችሁ? በራሳችሁ ቃል ጻፉ ለሚለው ቦታ ደግሞ ጊዜ ስጡት። «ጭካኔ አለ» ከማለት «በጦርና በጎራዴ የሚደረግ ውጊያ፣ ቁስለኛና የሞቱ ፈረሶች ይታያሉ» ማለት ለገዢው ብዙ ይነግረዋል። ኤአይ ተጠቅማችሁ ከሆነም ከ2024 ጀምሮ እዚያው መጠይቅ ላይ ይጠየቃል።

ወላጆች ደግሞ አብዛኞቻችሁ ስቲምን አታውቁትም፣ ሮብሎክስን ነው የምታውቁት። አሜሪካም ኖራችሁ ባሕር ማዶ ባትሄዱም ልጁ ታብሌት ካለው እዚያ ነው ያለው። ሮብሎክስ አንድ ጌም አይደለም፣ ተጠቃሚዎች ራሳቸው የሠሯቸው ሚሊዮን ጌሞች ያሉበት ሰፈር ነው። በ2024 የዕድሜ ቁጥር መለጠፉን ትቶ ሚኒማል፣ ማይልድ፣ ሞደሬት፣ ሬስትሪክትድ በሚሉ አራት ቃላት ቀየረው። ሐሳቡ አይከፋም። 9 ዓመት የሞላው ልጅ ምን ይችላል የሚለው ከቤት ቤት ይለያያል፤ ስለዚህ ዕድሜውን ትተን ይዘቱን እንንገራችሁ ነው። ያኔ በወጣው ደንብ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሞደሬት የተባለውን ያለ ወላጅ ፈቃድ መክፈት አይችልም። ግን ይሄ ሁሉ የሚሠራው የልጁ ዕድሜ በትክክል ከተሞላ ነው። ያችን የ2004 ነገር አትርሷት! አካውንቱን ልጁ ራሱ ከከፈተው ወይም እናንተ በእኛ ዓመት ከሞላችሁለት፣ ልጃችሁ እዚያ ሰፈር ውስጥ ጎልማሳ ሆኖ ሊዞር ይችላል። ዛሬ ማታ ከፍታችሁ እዩት።

ሌላው ምልክቱ የማይነግራችሁ ነገር ሰው ነው። የትኛውም ፊደል፣ የትኛውም ቁጥር የሚለካው ጌሙን እንጂ ውስጡ የሚያወሩትን ሰዎች አይደለም። ኢኤስአርቢ ራሱ በግልጽ ይጽፈዋል፤ ኦንላይን የሚደረግ ንግግር በደረጃው ውስጥ አልተካተተም። የእግር ኳስ ጌም ለሁሉም የሚሆን ነው፣ በማይኩ የሚመጣው ስድብ ግን ፒያሳ ያለ ጌም ቤት ውስጥ ከምትሰሙት አይተናነስም። ለዚህ ፊልተር የለውም፤ ቻቱን መዝጋት፣ ወይ ሳሎን ቁጭ አድርጎ ማጫወት።

የእህቴን ልጅ ነገር ምን አደረግኩት? ስቲም በ2024 ስቲም ፋሚሊስ የሚባል ነገር አውጥቷል፣ አንድ ቤት የሚኖሩ እስከ ስድስት ሰዎች የሚገቡበት። እኔ አዋቂ ሆኜ፣ እሱ ልጅ ሆኖ ገባን። የትኛውን ጌም መክፈት እንደሚችል እኔ እመርጣለሁ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚጫወት እወስናለሁ፣ ስቶሩንና ቻቱንም መዝጋት እችላለሁ። መግዛት ሲፈልግ ጥያቄው እኔ ስልክ ላይ ይመጣል። ልጁ ከዚህ ቤተሰብ ልውጣ ቢል በራሱ አይወጣም።

ሦስት ቀን አኮረፈኝ። በአራተኛው ቀን ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ጮኸች፤ የግዢ ጥያቄ። ከፍቼ ወደ ታች ወረድኩ፣ ሠሪዎቹ ይዘቱን እንዲህ ይገልጹታል የሚለውን ፈለግኩ፣ የለም። ስለ እርሻ የሚያወራ ጌም ነው። ላም ማለብ፣ ካሮት መትከል። ከስሩ ለእኔ መልእክት ጽፏል፦ «ጋሼ፣ ይሄኛው ልደት አይጠይቅም።»